ኳስ ወይስ ትምህርት? ሁለቱንም ያስገደደችው አሰልጣኝ

ቡሬ ስልዎት የጎጃሙ ቡሬ እንዳይመስልዎት። አዲስ አበባ ውስጥ የትውልድ ቦታዬን በጠየቁኝ ቁጥር ይህንን ማረም ለምዶብኛል። የእኔዋ ቡሬ ኢሉባቦር ነች። ከመቱ ተነስተው፣ ጎሬን አልፈው፣ ወደ ጋምቤላ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ያገኟታል። ድሮ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ተጭኖ ጋምቤላ ደርሶ፣ ከዚያ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ሲጓዝ የሚያልፈው በዚሁ በኩል ነበር። ዝናብ የማያጣት፣ ዙሪያዋን ቡናና ጫካ የከበባት ከተማ ነች።

ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ለአንድ ሳምንት ሄጄ ነበር። የእህቴ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በቁመት እኔን ካለፈችኝ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ዝናቡ ሲያባራ ኳሷን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ትሮጣለች። እዚያ ከጣውላ የተሠራ አንድ የቅርጫት ኳስ ማስቆጠሪያ ቆሟል፤ መረብ የሚባል ነገር የለውም። ከወንዶቹ ጋር ተጋፍታ ትጫወትና ጭቃ በጭቃ ሆና ትመለሳለች።

አንድ ማታ እራት ላይ አባቷ ነገሩን አነሱት። «አንቺ አዲስ አበባ ተምረሽ ሥራ የያዝሽ ነሽ፤ እስቲ ንገሪያት። ኳስ እንጀራ ይሆናል? ማትሪክ ደርሷል። ከዚህ በኋላ ኳስ የለም ብያታለሁ።» ልጅቷ ዓይኗን ከትሪው ላይ አላነሳችም። እህቴ ወጥ ጨመረችልን። አያታችን፣ እኛ «አኮ» እያልን የምንጠራቸው፣ በዚያ ምሽት ለሦስተኛ ጊዜ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። እኔም ለአንዱም በቂ መልስ ሳልሰጥ ቡና መጣ።

እንግዲህ ያን ምሽት መስጠት የነበረብኝን መልስ እዚህ እየጻፍኩልዎት ነው። ትንሽ ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። እርስዎም ቤት ይህንኑ የምትጠይቅ ልጅ፣ ወይም ይህንኑ የሚመልስ አባት ሳይኖር አይቀርም።

ከሣር ክምር ላይ የተጀመረ ጨዋታ

ማኔጅመንት ስማር፣ ስለ አመራር በሚያስተምረን ኮርስ ላይ የአንዲት ሴት ስም ደጋግሞ ይነሳ ነበር፤ ፓት ሰሚት። የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ። ያኔ ያነበብኩት ለፈተና ብዬ ነው። ከቡሬ ስመለስ ግን እንደገና፣ ለራሴ ብዬ አነበብኩት። (ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን እነግርዎታለሁ።)

ፓት በ1952 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ክላርክስቪል በተባለች ከተማ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። ሦስት ታላላቅ ወንድሞችና አንዲት ታናሽ እህት አሏት። አባቷ ሪቻርድ ሄድ ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሴት ነሽ ተብሎ የሚቀርላት ሥራ አልነበረም፤ ላም ታልባለች፣ ትምባሆ ትቆርጣለች፣ ሣር ታጭዳለች። ማታ ማታ ደግሞ ወንድሞቿ የከብት ሣር በሚከመርበት ቆጥ ላይ በሰቀሉት ማስቆጠሪያ ሁለት ለሁለት ይጫወታሉ። እዚያ ለሴት የሚራራ ተከላካይ እንዳልነበረ መገመት አያቅትዎትም።

ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ ችግር መጣ። የምትማርበት አካባቢ ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን አልነበረውም። እኚያ ቀልድ የማያውቁት አባት ምን አደረጉ መሰለዎት? ቤተሰቡን ጠቅልለው፣ ልጃቸው የምትጫወትበት ቡድን ወዳለበት ወደ ሄንሪዬታ ተዛወሩ። አንድ ገበሬ፣ በ1960ዎቹ፣ ለሴት ልጁ ኳስ ሲል ቤት ቀየረ።

ይህን ሳነብ የእህቴን ባል አሰብኳቸው። ቤት ይቀይሩ አልልም። ግን ደግሞ ፓት ራሷ ስለ አባቷ ስትጽፍ፣ እቅፍ አድርገው ፍቅራቸውን ያሳዩኝ ዕድሜዬ 43 ሲደርስ ነው ብላለች። ፍቅር በቃል የማይወጣበት ቤት የት እንዳለ እኔና እርስዎ እናውቃለን፤ ቴነሲ ብቻ አይደለም።

ሴት ሙሉ ሜዳ መሮጥ አትችልም

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ልንገርዎት። ቅርጫት ኳስን ጄምስ ናይስሚት የተባለ መምህር በ1891 ማሳቹሴትስ ውስጥ ፈጠረው። ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ስሚዝ በተባለ የሴቶች ኮሌጅ ሴንዳ ቤሬንሰን የምትባል መምህርት ለተማሪዎቿ አስተማረችው። ነገር ግን ሴቶቹ እንዳይደክሙ ተብሎ ሜዳው ተከፋፈለ፤ አንዷ ከተመደበችበት ክልል ወጥታ እንዳትሮጥ ተከለከለ።

ይህ ሐሳብ ፓት ልጅ በነበረችበት ዘመንም አልሞተም ነበር። የቴነሲ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች የሚጫወቱት ስድስት ለስድስት ሆነው ነው። ሦስቱ ያጠቃሉ፣ ሦስቱ ይከላከላሉ፤ የሜዳውን ግማሽ መስመር ማለፍ ክልክል ነው። ተከላካይ ሆና የተመደበች ልጅ ትምህርቷን እስክትጨርስ አንድም ኳስ ወደ ቅርጫቱ ላትወረውር ትችላለች። ሕጉ በዚያ ግዛት የተቀየረው በ1979 ነው፤ እንዲቀየር ከተከራከሩት አንዷ ፓት ነበረች።

በ22 ዓመቷ

በ1972 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሕግ ወጣ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም በጾታ ምክንያት ማንንም ከትምህርትም ሆነ ከስፖርት እንዳያገል የሚያዝ ነው። «ታይትል ናይን» ይሉታል። ሕግ ስለወጣ ግን ነገር ሁሉ በአንድ ጀንበር አይስተካከልም፤ ፓት ወደ ሥራ የገባችው በዚሁ ገና ባልተስተካከለው ጊዜ ነው።

በ1974 የመጀመሪያ ዲግሪዋን ጨርሳ ለማስተርስ ወደ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ፣ ኖክስቪል መጣች። የታሰበላት ምክትል ሆና እንድትሠራ ነበር። ዋናዋ አሰልጣኝ ለጊዜው ሥራ ስትለቅ ቡድኑ በእጇ ላይ ወደቀ። 22 ዓመቷ ነው። ከተጫዋቾቿ አራቱ በዕድሜ የሚያንሷት በአንድ ዓመት ብቻ ነበር። ደመወዟ በወር 250 ዶላር። መኪናውን የምትነዳው እሷ፣ ማሊያውን የምታጥበው እሷ። ከዚህ ሁሉ ጋር ማስተርሷን ትማራለች፣ ክፍል ገብታ ታስተምራለች፣ ቀደም ብሎ የተጎዳ ጉልበቷን እያስታመመች ለብሔራዊ ቡድን ትዘጋጃለች።

የመጀመሪያ ጨዋታዋ የተደረገው ዲሴምበር 7 ቀን 1974 ነው። በእኛ ኅዳር 28 ቀን 1967 ዓ.ም መሆኑ ነው። ንጉሡ ከወረዱ ሦስት ወር አልሞላም፤ የኛ ተማሪዎች ወደ ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሊሰማሩ እየተዘጋጁ ነበር። በዚያች ቀን ፓት በአንድ ነጥብ፣ 84 ለ83 ተሸነፈች።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሞንትሪያል ኦሊምፒክ የአሜሪካ ቡድን አምበል ሆና የብር ሜዳሊያ አገኘች። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ኦሊምፒክ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። በ1984 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ያንኑ ቡድን በአሰልጣኝነት መርታ ወርቅ ወሰደች። እኛ ሁለቱንም አላየንም። በሞንትሪያል ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር፣ በሎስ አንጀለስ ደግሞ ከሶሻሊስቱ ጎራ ጋር ሆነን ቀርተናል። በመካከሉ ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ የቀሩት አሜሪካኖቹ ነበሩ። ያ ዘመን ስንቱን እርስ በርስ አላስተያየም።

ከፊት ሦስት ረድፍ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ለእህቴ ባል መንገር ወደነበረብኝ።

የፓት ተጫዋቾች ከክፍል መቅረት አይችሉም። ያለ ፈቃድ አንድ ክፍል የቀረች ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ ከውጭ ሆና ታያለች። ኮከብ ብትሆንም። ይህ ብቻ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡበት ቦታም የተወሰነ ነበር። ከፊት ባሉት ሦስት ረድፎች ውስጥ። ከኋላ ተደብቆ ማንጎላጀት የለም። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ መምህሩ የሚያይዎት ከሆነ እርስዎም መምህሩን ያያሉ።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ38 ዓመት ውስጥ በቴነሲ የመጫወቻ ዘመናቸውን የጨረሱ ተጫዋቾቿ በሙሉ ተመርቀዋል። ሁሉም። እኔ በሥራዬ ቁጥር የማሳመር ልምድ ስላለኝ ሰው መቶ በመቶ ሲለኝ እጠራጠራለሁ፤ ይሄኛው ግን በሜዳ ላይ ካገኘቻቸው ዋንጫዎች ሁሉ በላይ ስሟ አብሮት የሚነሳ ቁጥር ነው።

ዋንጫዎቹም ቢሆኑ ቀላል አይደሉም። ግን ቶሎ አልመጡም። ለመጨረሻው ፉክክር ደጋግማ እየደረሰች ባዶ እጇን ተመልሳለች። ትልቁን ውድድር አታሸንፍም የሚል ሐሜት ተከትሏት ነበር። የመጀመሪያው የአገር አቀፍ ዋንጫ የመጣው በ1987፣ ሥራ በጀመረች በ13ኛ ዓመቷ ነው። ከዚያ በ1989፣ በ1991፣ በ1996፣ በ1997፣ በ1998፣ በ2007 እና በ2008 ተደገመ። በአጠቃላይ ስምንት። በ1997–98 የውድድር ዘመን 39 ጨዋታ ተጫውተው 39ኙንም አሸነፉ። ሥራ ስታቆም 1,098 ጨዋታ አሸንፋ 208 ተሸንፋ ነበር።

እንደ ገበያ ሰው ግን እኔን ይበልጥ የሳበኝ ሌላ ነው። ስትጀምር ለጨዋታዎቿ ተመልካች አልነበረም ማለት ይቻላል። ከተማው ውስጥ ማኅበር በተሰበሰበበት፣ ሰው በተጋበዘበት ሁሉ እየሄደች ስለ ቡድኗ ተናገረች። ትኬት የሚሸጥ ሌላ ሰው እስኪመጣ አልጠበቀችም። በዲሴምበር 1987 ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወቱ 24,563 ሰው ገባ። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሰው አያይም፣ ስፖንሰር አያመጣም የሚል ንግግር በስብሰባ ላይ ስሰማ ይህ ቁጥር ምላሴ ላይ ይመጣል። ተመልካች በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ አሥራ ሦስት ዓመት የሚጠራው ሰው ይፈልጋል።

ቁጣዋ የታወቀ ነበር። አንዴ በዚያ ሰማያዊ ዓይኗ ካፈጠጠች ተጫዋቾቿ የሚገቡበት ይጠፋቸዋል ይባላል። ዛሬ አንዳንድ ወላጅ ይህን አይወድላትም ይሆናል፤ እኔም በልጅ ላይ የሚጮህ አሰልጣኝ አልወድም። ነገር ግን የታሚካ ካቺንግስን ታሪክ ሳነብ ትንሽ ለዘብኩ። ታሚካ ስትወለድ ጀምሮ የመስማት ችግር አለባት። ልጅ ሳለች ሌሎች ልጆች ስላፌዙባት የመስሚያ መሣሪያዋን አውጥታ ሜዳ ውስጥ ወረወረችው፤ ከዚያ ወዲያ ለዓመታት የሰውን ከንፈር እያነበበች ነው የኖረችው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አስቀምጣ ያነጋገረቻት ፓት ነች። መሣሪያውን እንደገና እንድታደርግ፣ የሌሎች ምሳሌ ልትሆን እንደምትችል ነገረቻት። ታሚካ ሰማቻት። ከዚያ በኋላ አራት የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝታለች።

የወንዶቹን ቡድን እንድታሠለጥን በተለያየ ጊዜ ሐሳብ ቀርቦላት ነበር። እድገት እንደሚሰጧት አድርገው ሲያወሩባት፣ ከሴቶች ወደ ወንዶች መሄድ ለምን እድገት ይባላል ስትል ጠየቀች። አልሄደችም።

እናትነት በአውሮፕላን ውስጥ

ፓት በ1980 አር.ቢ. ሰሚት የተባለ ሰው አገባች። ልጅ ቶሎ አልመጣም፤ ደጋግሞ አስወርዷታል። በ1990 ዕድሜዋ 38 ሆኖ አንድ ልጅ፣ ታይለር ተወለደ።

ምጡ ራሱ ታሪክ ነው። የመውለጃዋ ቀን ቀርቦ ሳለ አንዲት ጎበዝ ተጫዋች ለማሳመን በትንሽ አውሮፕላን ወደ ፔንሲልቬኒያ በረረች። ልጅቷ ቤት ሶፋ ላይ እንደተቀመጠች ምጥ ጀመራት። ወደ አውሮፕላኑ ተመለሱ። አብራሪው በመንገድ ላይ ቨርጂኒያ ላሳርፍሽ ቢላት እምቢ አለች። በዚያው ዓመት ቡድኗን ከውድድር ያስወጣው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ነበርና ልጄ እዚያ አይወለድም! ኖክስቪል ደርሳ ወለደች። (ይህን እንደ ምክር አይውሰዱብኝ። የመውለጃ ወሯ የገባ እናት አውሮፕላን ላይ መገኘት የለባትም።) ልጅቷ ሚሼል ማርሲኒያክም ቆይታ ቴነሲ ገባች፤ በ1996 ዋንጫም አነሳች።

ታይለር በጨዋታ ሜዳ ዳር አደገ ማለት ይቻላል። ትዳሩ በኋላ ፈርሷል።

59 ዓመቷ ላይ

በ2010–11 የውድድር ዘመን አንድ ነገር መለወጥ ጀመረ። በሺህ የሚቆጠር ጨዋታ በቃሏ የምትይዝ ሴት የሆቴል ክፍሏን ቁጥር መርሳት ጀመረች። ቀጠሮ ይጠፋባታል። ጨዋታው ሲጋጋል ምን ማዘዝ እንዳለባት ግራ ይገባታል። መጀመሪያ ከመድኃኒት ጋር አያያዘችው። በ2011 ወደ ማዮ ክሊኒክ ሄዳ ስትመረመር ገና በጊዜ የጀመረ አልዛይመር መሆኑ ተነገራት። የመርሳት በሽታ የምንለው ነው። 

በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ በራሷ አንደበት ለሕዝብ ተናገረች። ሥራዬን አልለቅም አለች። ተጨማሪ አንድ ዓመት ከምክትሎቿ ጋር ሠራች፤ ቡድኑ 27 ጨዋታ አሸንፎ 9 ተሸነፈ። በሚያዝያ 2012 ቦታውን ለረጅም ጊዜ ምክትሏ፣ ድሮ ራሷ ላሠለጠነቻት ለሆሊ ዋርሊክ አስረከበች። በስሟ ለበሽታው ምርምር ገንዘብ የሚያሰባስብ ድርጅት አቋቁማለች። ጁን 28 ቀን 2016፣ በእኛ ሰኔ 21 ቀን 2008 ዓ.ም፣ በ64 ዓመቷ አረፈች።

እዚህ ላይ አኮ ትዝ አሉኝ። እኛ ቤት «ጃጅተዋል» ብለን ነው ያለፍነው። ሦስት ጊዜ የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ ሳቅን። አንድ ጥያቄ መደጋገም፣ በሚያውቁት ሰፈር መንገድ መሳት፣ ለዓመታት ሲሠሩት የኖሩት ምግብ አሠራር መጥፋት፣ የፀባይ መለወጥ፤ እነዚህ የእርጅና ወግ ብቻ ላይሆኑ ይችላሉ። መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ አንዳንድ መድኃኒትም ሰውን ያስረሳል፤ እነዚህ ደግሞ ከታወቁ ሊታከሙ ይችላሉ። አልዛይመር ከሆነ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ሆኖም ቤተሰቡ አስቀድሞ ካወቀ ይዘጋጃል፤ ታማሚዋም ስለራሷ መወሰን የምትችልበት ጊዜ ታገኛለች። ፓት ያንን አንድ ዓመት ያገኘችው ቀድማ ስለተመረመረች ነው።

ስልክ ወደ ቡሬ

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ስል ቡሬ ደወልኩ። የእህቴ ባል አነሱ። ስለ ገበሬው ሪቻርድ ሄድ፣ ስለ ሦስቱ ረድፎች፣ በሙሉ ስለተመረቁት ልጆች ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሁለቴም መልሰው የደወሉት እሳቸው ናቸው።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ከፊት ተቀምጣ ከተማረች፣ ካልቀረች፣ ውጤቷ ካልወረደ ትጫወት። ቆይ ልጠራት።» ከዚያ ድምፃቸው ራቅ ብሎ ተሰማኝ። «ክፍል ውስጥ የት ነው የምትቀመጪው?»

«መጨረሻ ወንበር።»

«ለምን?»

«ቁመትሽ ሌላውን ይከልላል ብለው ነው ያስቀመጡኝ።»

ለአፍታ ማናችንም አልተናገርንም። ከዚያ ሰኞ ጠዋት ራሳቸው ትምህርት ቤት ሄደው ከመምህሯ ጋር እንደሚነጋገሩ ነገሩኝ፤ ከፊት፣ ግን በግድግዳው በኩል ዳር ላይ ትቀመጥ ብለው ይጠይቃሉ። ማንንም አትከልልም። እህቴ ስልኩን ተቀብላ አኮን በሚቀጥለው ሳምንት መቱ ሐኪም ዘንድ እንደምትወስዳቸው ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ኳስና መረብ ገዝቼ ለመቱ አውቶቡስ ሰጥቻለሁ። መረቡን ማን ወጥቶ እንደሚያስረው ገና አልተወሰነም፤ መሰላል ከጎረቤት ይፈለጋል።